ለስላሳው አባታችን

አባቴ ሲናገር ድምፁ አጥር ተሻግሮ ይሰማ ነበር። ዕድሜውን የፈጀው አቃቂ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ውስጥ ነው። የማሽኑ ጩኸት ጆሮውን ስላደከመው ቤትም ገብቶ እንደዚያው ይጮኻል። "ጨው አቀብሉኝ" ሲል ጎረቤት ጠብ የተነሣ ይመስለው ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ሰው ከሰው ስለማይሰማማ በእጅ ምልክት ነው የሚግባቡት፤ አባቴ እሱንም ይዞት ቤት ገባ። ቀኝ እጁን ጨብጦ በግራ መዳፉ ሲከድነው "ማሽኑን አቁም" ማለት ነው። እኔና እህቴ ስንጨቃጨቅ ያንን ካሳየን ትንፍሽ የሚል አልነበረም።

የሞተ ዕለት የሕይወት ታሪኩን መጻፍ ለእህቴ ደረሰ። ቀብሩ በማግስቱ ስለነበር ስልኳ ላይ ያለውን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አዘዘችው። እኔ የሰማሁት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲነበብ ነው። "በለሰለሰ አንደበታቸውና በትዕግሥታቸው የሚታወቁት አባታችን" ሲባል ጎረቤቶቻችን መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። አብሮት ሲሸምን የኖረ ጓደኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "የማንን ነው የሚያነቡት?" አለኝ። ደሜ ፈላ።

ለእህቴ ስነግራት "ታዲያ ጯሂ ነበር ተብሎ ይነበብ?" አለችኝ። አዎ፣ ይነበብ። ሰሞኑን እዚህ ሰፈር የምንቀብረው ሰው ሁሉ ትዕግሥተኛ ነው፣ ሁሉም ለተቸገረ ደራሽ ነው። ድሮም ስለ ሟች ይጋነናል፤ ግን የሚያጋንነው ሰውየውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ስልኩ አባቴን ከየት ያውቀዋል?

ለአርባው ደግሞ ባሰባት። ፎቶውን አስገብታ እንዲናገር አደረገችው። ዘመድ አዝማዱ ሄዶ ሦስታችን ስንቀር "እማዬ፣ አባዬን እይው" ብላ ስልኩን ለእናታችን ሰጠቻት። የአባቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ዜና አንባቢ በሚመስል ለስላሳ ድምፅ "ውድ ባለቤቴ፣ ሁልጊዜም ከጎንሽ ነኝ" አለ። አባቴ እናቴን አንድም ቀን "ውድ ባለቤቴ" ብሏት አያውቅም። "አንቺ ሴትዮ" ነበር የሚላት፤ እሷም ማድ ቤት ሆና "አቤት" ትለው ነበር።

እናቴ እስከ መጨረሻው አየችው። ቪዲዮው ከመጀመሪያው ሲነሣ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ቀኝ እጇን ጨበጠች፤ በግራ መዳፏ ከደነችው። እሷ በዚያ ምልክት ስትጠቀም አይቼ አላውቅም። እህቴ ስልኩን አንሥታ ቪዲዮውን አጠፋችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ምን ዋጋ አለው፣ ቪዲዮው ጠዋቱን ለሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ተልኳል። እህቴ ከዚያም አጠፋችው፤ ያወረደው ግን አውርዶ ለሌላው አስተላልፎታል። የሚናደድ ሰው እኔ ብቻ ሆኜ ቀረሁ።

ባለፈው ታክሲ ስጠብቅ ከአባቴ ሞት በኋላ እኛ ጎን የተከራየች ሴት አገኘችኝ። "ቪዲዮውን አየሁት" አለችኝ፤ "አባትህ እንዴት ያለ ለስላሳ ድምፅ ነበራቸው።"

ሳላስበው ጡጫዬን በመዳፌ ከደንኩት። እሷ የበረደኝ መስሏት "እውነትም ዛሬ ብርድ ነው" አለችኝ።