ጠዋት ጠዋት ደህና ነኝ የሚለው ማሽን

ሱዳን ጠረፍ፣ ሽንፋ አጠገብ ባለ የመንግሥት እርሻ ቢሮ የተመደብኩት ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ሰው በወባ ለሚረግፍበት ቆላ ኮምፒውተር መላክ የማን ሐሳብ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ከእኔ በፊት ማሽኑን የያዘው ሰው አንድ ቀን እንደወጣ ቀርቷል። ገሚሱ ሱዳን ገባ ይላል፣ ገሚሱ በረሃው በላው ይላል። ሚስቱ እዚያው ቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች።

የመጀመሪያ ቀን ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ማሽኑን ስከፍተው ጥቁሩ ስክሪን ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣ። አማርኛ ነው፣ በፈረንጅ ፊደል። «እንደምን አደርሽ? እኔ ደህና ነኝ» ብዬ እየሳቅሁ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ወለሉን ስትጠርግ የነበረችው ሚስቱ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

ነገሩ ቀላል ነው። ማሽኑ ሲበራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች አንድ ፋይል ውስጥ በየተራ ተጽፈው ይቀመጣሉ፤ ባሏ ከመሄዱ በፊት ይቺን መስመር መሀላቸው ሰክቷታል። የተጻፈለትን ይደግማል እንጂ የሚያውቀው ነገር የለም ብዬ አስረዳኋት። የጻፈው እሱ አይደል ወይ አለችኝ። ልክ ነች።

መሠረተ ትምህርት የአማርኛ ፊደል ቢያስቆጥራትም የፈረንጁን አታውቅም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከኋላዬ ትቆማለች፣ አነብላታለሁ፣ «ተመስገን» ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። እኔን ግን ፍርሃት ያዘኝ። ሰውየው በእኔ አፍ የሚናገር እየመሰለኝ አንዳንድ ቀን ድምፄ የራሴ አልመስል ይለኛል። ማሽኑን ከመክፈቴ በፊት ማማተብ ጀመርኩ፤ በዚያ ዘመን፣ ካድሬ ባለበት ቢሮ!

ወሬው ካድሬው ጆሮ ገባ። ከሃዲው ባሏ በማሽኑ መልእክት ይልካል ተባለ። ላስረዳ ብሞክርም ካድሬው ማዘዝ እንጂ መስማት አልፈጠረበትም። መስመሯን ዛሬውኑ ካላጠፋሁ እስር ቤት እንደምወርድ ነገረኝ። አጠፋኋት። የአንድ መስመር ነገር ምን ይከብዳል?

በማግስቱ መጥታ ቆመች። ስክሪኑ ባዶ ነው። ካድሬው በር ላይ ሆኖ ያየናል።

«ዛሬ ምን አለ?» አለችኝ።

«ምንም አላለም።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ለቅሶዋን አቀለጠችው። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የወረዱት የቀን ሠራተኞች ሳይቀሩ አብረዋት አለቀሱ። ማታውን ቤቷ ሄጄ እኔው ነኝ ያጠፋሁት፣ ባልሽን ያየው የለም፣ ሞተ ያለም የለም ብዬ ብምል ብገዘት፣ ሐዘንተኛ ላጽናና ያልኩት መሰላት። ፀጉሯን ተላጨች። ተዝካሩንም አወጣች።

ሰሊጡ ተሰብስቦ ሲያልቅ አንድ ነጋዴ ሱዳን በኩል ካለችው ከገላባት ተሻግሮ ቢሮ ድረስ ፈልጓት መጣ። ባልሽ ገዳሪፍ ሥራ ይዟል፣ አሁን ገላባት መጥቶ ይጠብቅሻል፣ ይዘሃት ና ብሎ ልኮኛል አላት። ትናንት አብረን እራት በልተናል ብሎ ማለ። የእኔ ደስታ ቅጥ አጣ። ተነሺ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ አልኳት።

እሷ ወደ ነጋዴው ዞረች።

«ወንድሜ፣ ሙት ሲጠራ አቤት አይባልም» አለችው።

ነጋዴው እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ያን ቀን ብቻውን ተሻገረ።