አስተርጓሚ የሆንኩበት ሰመር

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ መንገድ ላይ አንድ ሰውዬ የቤት ዕቃውን መንገድ ዳር ዘርግቶ ይሸጥ ነበር። ካርቶን ውስጥ ከተደረደሩት ሹካዎች አጠገብ አንዲት የብረት መወልወያ ቅባት ቆርቆሮ አየሁና ክዳኗን ከፍቼ አሸተትኳት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ፣ ነዳጅ ነዳጅ ይላል፤ አፍንጫ ይቆነጥጣል። ሰውዬው «ልታልቅ ምንም አልቀራት፤ በነጻ ውሰጃት» አለኝ። አልወሰድኳትም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። ያ ሽታ አሥራ ሰባት ዓመቴን ነው ይዞብኝ የመጣው፤ ከሱም ጋር ቅናቴን።

እንዴት እንደሆነ ላጫውትህ።

እናቴ ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ፣ እኔ አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ነው ያደግሁት። ተመልሳ በመጣች በዓመቱ ዲቪ ደረሳትና እኔን ይዛኝ ሎስ አንጀለስ ገባን። ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ከማላውቃት ሴት ጋር መኖር ጀመርኩ ብልህ አላጋነንኩም። አንዴ «ልጅ ሆነሽ እንዴት ነበርሽ?» ብዬ ጠይቄያት «እንደ ሰው ነዋ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄዳለች።

ጠዋት ጠዋት ፌርፋክስ አንድ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ትሠራለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ትንከባከብ ነበር። እንግሊዝኛዋ ለመድኃኒት ሰዓትና ለገላ መታጠቢያ ይበቃል እንጂ ለጨዋታ አይበቃም። በሦስተኛው ዓመት ስኩል ለሰመር ሲዘጋ፣ «ቤት ተጎልተሽ ስልክ ከምትነካኪ ነይና አስተርጉሚልኝ» አለችኝ። «ሴትዮዋ ታወራለች፣ እኔ የስ እያልኩ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። ነውር ነው።»

እናቴ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ አንቱታ አታውቅም። ለኔ ግን አሮጊቷን «አንቺ» ማለት እስከ ዛሬ ከአፌ አይወጣም።

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመስኮቱ ሥር ሐምራዊ አበባውን በቆሙት መኪናዎች ላይ የሚያራግፍ ዛፍ ነበር፤ ኤርኮንዲሽነሩ እንደ ሰነፍ ዝንብ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። አሮጊቷ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው በዚያ አፍንጫ በሚቆነጥጥ ቅባት ማንኪያዎቻቸውን ይወለውላሉ። የተወለወለ ማንኪያም መልሰው ይወለውሉ ነበር። እጃቸው ሥራ ካልያዘ አፋቸው አይፈታም።

«ሼፊልድ ነው ያደግሁት» አሉን በመጀመሪያው ቀን። «ብረት የሚቀልጥባት ከተማ ናት። የዓለም ጦርነቱ ሲያልቅ ሰባት ዓመቴ ነበር። የሰፈራችን ግማሽ በቦምብ ፈርሷል። ለእኛ ለልጆቹ ግን ከፍርስራሹ የተሻለ መጫወቻ አልነበረንም፤ ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ ገብተን እቃቃ እንጫወታለን።»

እኔ እየሰማሁ ለእናቴ እተረጉምላታለሁ። ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን እንደነበር፣ ነፋሱ ከፋብሪካው በኩል ከመጣ የተሰጣው አንሶላ ላይ ጥቀርሻ እንደሚያርፍ፣ እናታቸው ምንም ሳይናገሩ አውርደው እንደገና እንደሚያጥቡት ነገሩን። ከረሜላ በራሽን ስለነበር አንዷን ለሦስት ቀን እየላሱ በወረቀት ይጠቀልሏት ነበር። እናታቸው በፋብሪካ ውስጥ ማንኪያ ወልዋይ ነበሩ። «ቆሻሻው ልብሷን እንዳያበላሽባት ከደረቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቡናማ ወረቀት ትጠቀለልና በገመድ ታስረዋለች» አሉ። «ለምሳ ስትመጣ ስትራመድ ኮሽ ኮሽ ትላለች። ሳላያት በፊት በድምጿ ነበር የማውቃት።»

ይህን ስተረጉም እናቴ ፎጣ ማጠፏን አቆመች።

«የኔም እናት የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች በያት» አለች።

ዞር ብዬ አየኋት። አያቴ የምን ሠራተኛ እንደነበረች እኔ አላውቅም ነበር። እናቴ ግን እኔን አላየችኝም፤ የምታየው አሮጊቷን ነው። «ንገሪያት እንጂ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ተያያዙት። አንዷ ስለ ብረት ፋብሪካ ጭስ ስታወራ ሌላዋ ስለ ጥጥ ብናኝ ታወራለች። እናቴ የፋብሪካው ጡሩምባ በቀን ሦስት ጊዜ ሲነፋ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ እንደሚጮህ ተናገረች። በባዶ የክር ማጠንጠኛ ጋሪ ሠርተው ውሃ በሌለው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሲጎትቱ እንደሚውሉ፣ ማታ ማታ የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ ከፀጉሯ ጥጡን አንድ በአንድ እንደምትለቅምላት ተናገረች። አሮጊቷ ይስቃሉ፣ እናቴም ትስቃለች። ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ጥርሷን ሁሉ ያሳየ፣ ትከሻዋን የነቀነቀ የልጅ ሳቅ ነው።

ቃሉ ሁሉ በኔ አፍ ያልፋል፤ የኔ ግን አይደለም። ቧንቧ ውሃውን ይጠጣዋል እንዴ? ቤት ስንገባ እናቴ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ከምግብ ቤቱ የመጣላትን መልእክት እያሳየችኝ «ነገ ሺፍቴ በስንት ነው?» ትለኛለች፤ ጨዋታችን ይኸው ነበር። በአሮጊቷ ቀናሁ። እናቴን ስለወሰዱብኝ ብቻ አይደለም፤ የእናታቸውን እርምጃ በድምፁ የሚያውቁ ልጅ ስለነበሩም ቀናሁ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ የእናቴን ድምፅ የማውቀው በስልክ ነው፣ እሱም እየተቆራረጠ። ቀስ በቀስ ትርጉሜን ማሳጠር ጀመርኩ። እናቴ አሥር ደቂቃ ያወራችውን «ልጅነቷ ደስ ይል ነበር ትላለች» ብዬ እዘጋዋለሁ።

አንድ ከሰዓት እናቴ የአሮጊቷን እግር ቅባት እየቀባች ጀመረች።

«ሺፍት ሲለቀቅ ሴቶቹ ሁሉ ነጭ ሆነው ነው የሚወጡት። ፀጉራቸው ጥጥ፣ ቅንድባቸው ጥጥ። አንዷን ከሌላዋ መለየት አይቻልም። አምስት ዓመቴ ይሆናል፣ በሩ ላይ እናቴን ስጠብቅ ሮጥኩና የአንዷን ጉልበት አቀፍኩ። እናቴ አይደለችም። ሴትዮዋ ግን አልገፋችኝም፤ አንስታ አቅፋኝ መንገድ ጀመረች። በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ አሻግሬ ሳይ፣ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ታየኛለች። አልጠራችኝም።»

እዚህ ላይ አቆመችና እስክተረጉም ጠበቀችኝ። ይህኛውን አላሳጠርኩትም። አሮጊቷ ማንኪያውን አስቀመጡ።

«ከዚያስ?» አሉ። «መጨረሻውን መስማት እፈልጋለሁ በያት። እህቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያጫወተኝ ሰው የለም። ይህንንም ንገሪያት፣ እባክሽ።»

እኔም በሰው ትከሻ ላይ ሆኜ እናቴን ያየሁ ልጅ ነኝ። ቦሌ ኤርፖርት፣ አክስቴ አቅፋኝ። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አውርተን አናውቅም። ለነዚህ ሴትዮ ግን የልቧን ስትዘከዝክላቸው አየሁና አንገቴ ድረስ ነደደኝ።

«ደክሟቸዋል» አልኳት እናቴን። «ወሬው ይብቃን፣ ሥራዋን ትሥራ ነው የሚሉት።»

እናቴ የቅባቱን ክዳን በጥንቃቄ አጠባበቀች፣ «ኦኬ» አለች፣ ተነሥታ ባኞ ቤት ገባች። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ።

አሮጊቷ ክንዴን ያዙኝ። «ያስቀየምኳት ነገር አለ?»

«የለም፣ ሥራ በዝቶባት ነው» አልኳቸው። ያኔ የተሰማኝን ልንገርህ፤ ደስ አለኝ። ደስታው እዚያው ፎቅ ስንወርድ አለቀ። በቀሩት የሰመር ቀናት እናቴ ስለ መድኃኒት ካልሆነ አላወራችም። አሮጊቷ ከኔ ወደሷ፣ ከሷ ወደኔ ሲያዩ ይውላሉ። ስኩል ሲከፈት እኔም መሄዴን ተውኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጃቸው አሪዞና ወደሚገኘው ቤቱ ወሰዳቸው። እናቴ ተሰናብታቸው በመጣች ቀን «እጄን ይዛ ብዙ አወራችኝ፤ ምን እንዳለች አልገባኝም» አለችኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር።

ለፈረንጆች ገና ከአሪዞና ካርድ መጣ። እናቴ ፖስታውን በቢላ ከፍታ ሰጠችኝና ወንበር ስባ ከፊቴ ተቀመጠች። ጽሑፉ የሚንቀጠቀጥ ነው። በልቤ አንድ ጊዜ አነበብኩት። አሁንም መለወጥ እችል ነበር። ግን እንዳለ አነበብኩላት።

«ውድ ጓደኛዬ፣ ያን ቀን ምን ተናግሬ እንዳስቀየምኩሽ እስካሁን አልገባኝም። ምንም ይሁን ምን ይቅርታ አድርጊልኝ። በሩ ላይ የቆመችው እናትሽ ከዓይኔ አትጠፋም። በመጨረሻ ምን አደረገች?»

«ድገሚው» አለች እናቴ። ደገምኩት።

«ሥራዋን ትሥራ ብላለች አላልሽኝም?»

«እሳቸው አላሉም። እኔ ነኝ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። በመዳፏ ካርዱን እንደ ልብስ ደባበሰችው። ከዚያ «ልጇ የሰጠኝ ቁጥር አለ፤ ኮል አድርጊልኝ» አለች። ደወልኩ። የአሮጊቷ ድምፅ «ሄሎ» ሲል ልተረጉም ተዘጋጅቼ ስልኩን በመካከላችን አስቀመጥኩት። እናቴ ስልኩን አነሳች፣ መኝታ ቤት ገባች፣ በሩን ዘጋች።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ታወራለች፤ ትቆማለች፣ ቃል ትፈልጋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። «ማይ ማዘር» ስትል ሰማሁ። «ዋይት፣ ኦል ዋይት» ስትል ሰማሁ። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። የቀረውን አልሰማሁም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን የከፋው አይመስልም። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከእናቴ ጋር ጠዋት ጠዋት በዊልሻየር አውቶቡስ አብረን እንሄድ ነበር። እሷ ምግብ ቤቱን ትታ ነበርና መንገድ ላይ አዲስ የምትንከባከበው ሰው ጋ ትወርዳለች፣ እኔ ዩኒቨርሲቲዬ ወዳለበት ዌስትውድ እቀጥላለሁ። አንድ ቀን ጭጋግ መስኮቱን ሸፍኖት ሳለ፣ ፊቷን ሳላይ ተናገርኩ።

«ያን ጊዜ ቀንቼ ነው። ለኔ ያላልሽውን ሁሉ ለሳቸው ስትነግሪያቸው።»

እናቴ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«ፊት ለፊትሽ ተቀምጬ መናገር አልችልም ነበር» አለች። «አፌን ከፈትኩ ማለት ስለ ቤይሩት ልትጠይቂኝ ነው፤ ለሱ ደግሞ መልስ የለኝም።» ከዚያ መስኮቱን በእጇ ጠረግ ጠረግ አደረገችና ውጭ ውጭውን እያየች፣ «ለማን የማወራ መስሎሽ ነበር?» አለችኝ። «ሴትዮዋ እንደሆነች አማርኛ አትሰማ።»

ያቺ ነጭ የሆነች አያቴ በሩ ላይ ቆማ ምን እንዳደረገች ልጠይቃት አፌን ስከፍት አውቶቡሱ ቆመ። እናቴ ትከሻዬን ጫን አድርጋ ተነሣች፣ «ምሳሽን እንዳትረሺ» ብላኝ ወረደች። ጭጋጉ ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር መንገድ ስትሻገር ለጥቂት ጊዜ በዓይኔ ተከተልኳት፤ ከዚያ የቷ እንደሆነች መለየት አቃተኝ።