ልጅ ያድጋል ብዬ የገዛሁት ብስክሌት

ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን፣ ወልቂጤ ላይ ጨውና አቡጀዲ እየሸጥሁ ስኖር፣ በአንድ ብስክሌት ምክንያት ከሚስቴም፣ ከሻጩም፣ ከራሴም ተጣልቻለሁ። ዛሬ ልጆቻቸውን ይዘው ገበያ የሚወጡ አባቶችን ባየሁ ቁጥር ነገሩ ስለሚያንገበግበኝ እጽፈዋለሁ።

የተወለድሁት ሰሜን ነው። በወጣትነቴ አንድ ሹም ተከትዬ ወደ ጉራጌ አገር መጣሁ፤ ሹሙ ሲመለስ እኔ ቀረሁ፤ የቸሃ ልጅ አግብቼ ሱቅ ከፈትሁ። ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። ዳዊት ሲደገም እየሰማሁ ስላደግሁ ብዙውን በቃሌ ይዤው ነበር። በሠላሳ ዓመቴ አንድ አሮጌ ዳዊት ገዛሁና በጆሮዬ የማውቀውን ቃል በዓይኔ እየፈለግሁ ፊደሉን አንድ በአንድ ለየሁት። እንዲህ የተማረ ሰው ማንበቡን ያነባል፤ ነገር ግን እንደ አንካሳ ነው፤ ይደርሳል እንጂ አረማመዱ አያምርም። አንድ ጊዜ የጻፍሁትን ማመልከቻ አንድ ጸሐፊ በሰው ፊት ጮክ ብሎ እያነበበ ሳቀብኝ። ያን ቀን ልጄን ከእውነተኛ መምህር እግር ሥር ላስቀምጠው ማልሁ።

ልጄ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። በከተማው የነበረው ትምህርት የጣሊያንን መዝሙር በሰልፍ መዘመር ስለ ነበር አልላክሁትም። የመረጥሁለት መምህር፣ የኔታ የምንላቸው መሪጌታ፣ የሚያስተምሩት በጅማ መንገድ፣ ልጅ በእግሩ ሁለት ሰዓት በሚሄደው ርቀት ላይ፣ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። አዳሪ ተማሪ አይቀበሉም። ጎጆአቸው ጠባብ ነበረች፤ ጊዜውም ወጣት የሚበዛበት ቤት ሁሉ ሽፍትነት ይመከርበታል ተብሎ የሚጠረጠርበት ነበር።

የኔታ ማለዳ ያስቀጽላሉ፤ ልጆቹን በየተራ ጠርተው አዲስ ንባብ ይሰጣሉ። ተራው ሲጠራ ያልተገኘ ልጅ ተራው አለፈ፤ ምክንያት አይሰሙም። በኅዳር ጽዮን ማግስት ደግሞ ንባብ ከጨረሱት ልጆች መካከል ዳዊት የሚገቡትን፣ መዝሙረ ዳዊትን የሚጀምሩትን፣ ይለያሉ። ልጄ በጥቅምት ደጋግሞ አረፈደ። ሚስቴ ጅብ ወደ ጎሬው ሳይገባ ልጁን ከደጅ አታስወጣም፤ በእግሩ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ተነሥቶ በሰዓቱ አይደርስም። በቅሎዬን ጣሊያን ለጭነት ወስዷታል። የኔታ በገበያ ቀን ሱቄ ድረስ መጥተው ጨው ገዝተው ካስቋጠሩ በኋላ ቁርጡን ነገሩኝ።

«ልጅዎ አእምሮ አለው፤ እግር የለውም። በዚህ አመጣጡ ዳዊት አላስገባውም። ለሚመጣው ዓመት ይቆይ።»

በዚያ ዘመን የሚመጣውን ዓመት በእጁ የያዘ ሰው አልነበረም። መምህሩ ይኑሩ፣ እኔ ልኑር፣ ከተማው ይኑር፣ ማን ያውቃል? ስለዚህ ብስክሌት ልግዛለት አልሁ። መንገዱን ጣሊያን አስተካክሎታል፤ ለእሱ መኪና የተስተካከለ መንገድ የልጄን ጎማ አይከለክልም።

ሻጩ የአገሩ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ዘንድ ሠርቶ የተመለሰ፣ ምላሱ ከእጁ የማይሰንፍ፣ የተጣለ ብስክሌት እየገጣጠመ በገበያው ዳር ባለች የቆርቆሮ ሱቅ የሚሸጥ ሙስሊም ነበር። ሦስት ብስክሌቶች አወጣልኝ። አንደኛዋ ትንሽ፣ ሰማያዊ፣ የፈረንጅ ልጅ የነዳት ናት። ሁለተኛዋ አግዳሚ ብረት የሌላት፣ ኮርቻዋ ከፍና ዝቅ የሚል፣ ቀሚስ ለለበሰች ሴት የተሠራች ናት። ሦስተኛው ጥቁር፣ ከባድ፣ ትልቅ የወንድ ብስክሌት ነው። ዋጋቸው ሲነገረኝ ትንሿ ከትልቁ ትበልጣለች። ከዚህ በላይ የሚያናድድ ነገር አለ? ጥቂቱ ብረት ከብዙው ብረት በምን ሥርዓት ይወደዳል?

«ጋሼ፣ የሚነዳው ልጅዎ ከሆነ ልጁን አምጡታ፤ እግሩን እንለካው» አለኝ ሻጩ።

ልጁ ትምህርት ላይ ነው፣ የልጄን ልክ እኔ አውቃለሁ አልሁት። እስከ ደረቴ ይደርሳል ብዬም በእጄ አሳየሁት። እሱም ስለ ቁመቱ ሳይሆን ስለ እግሩ ነው የጠየቅሁዎት ብሎ ሳቀ።

የሴቷን ብስክሌት ዞሬ አላየኋትም። ወንድ ልጄ የሴት ላይ ተቀምጦ ሲያልፍ ገበያተኛው ምን ይላል? ትንሿን ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልፋታል፤ ያኔ ምን ላደርጋት ነው? በቤቴ ሥርዓት አለ። እጀ ጠባብ ሲሰፋለት እጅጌው ሁለት ጊዜ እንዲታጠፍ፣ ጋቢው መሬት እንዲጠርግ ሆኖ ነው። ስለዚህ ትልቁን መረጥሁ፤ ለሻጩም ሲያደምጠኝ ለኖረ ሰው እንደሚነገር አድርጌ ነገርሁት፤ «ልጅ ያድጋል፣ ብረት አያድግም።»

ከዚያ በኋላ በቅሎ እንደምመርጥ መረጥሁት። ኮርቻውን በክንዴ ተጫንሁ፤ ጎማውን አንሥቼ እንደ ኮቴ አየሁ፤ ወደ ኋላ ገፍቼ ያነክስ እንደሆነ ተመለከትሁ። ዋጋ ስንጨርስ ደግሞ፣ ከብት የሚገዛ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ የተሰረቀ ላለመሆኑ ዋስ እንዲጠራልኝ ጠየቅሁት። ሻጩ መፍቻውን አስቀምጦ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ብስክሌት እኮ ከመንጋ ተለይታ አትጠፋም» አለ። «ግድ የለም፣ ሻጩም እኔ፣ ዋሱም እኔ።»

ይህ ዋስትና አልነበረም፤ ግን ሰዎች ከበውን ይስቁ ስለነበር ከፍዬ ወጣሁ። በዚያ ሁሉ ምርመራ መካከል የልጄ እግር ፔዳሉ ላይ ይድረስ አይድረስ ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም።

ሚስቴ በራፍ ላይ ቆማ ብስክሌቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። እርስዎ እያለች የምታከብረኝ ሴት ናት፤ ሲበዛባት ግን አትምርም። በአገሯ እንሰት ሦስትና አራት ጊዜ እየተነቀለ፣ እንደ ዕድሜው ቦታው እየተለወጠ እንደሚያድግ ነገረችኝ። ችግኙን ያለ ዕድሜው ከትልቁ ጉድጓድ የሚተክል ገበሬ ቢኖር ጎረቤት ተሰብስቦ ይመክረዋል አለች። ልጅ እንሰት አይደለም ብዬ ቃሏን ቆረጥሁ። ወንድ መሆኔንና ከፍዬ መጨረሴን እንጂ ትክክል መሆኔን አላሰብሁም።

ልጁ ግን ደስ አለው፤ ይህን መካድ አይገባም። ጥቁሩን ብረት በእጁ ዳሰሰው። ደግፌ አወጣሁት። ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ አንዱ ፔዳል ወደ ላይ ሲመጣ በጣቱ ጫፍ ይነካዋል፤ ወደ ታች ሲወርድ እግሩ አየር ላይ ይቀራል። ሁለት ጊዜ ወደቀ። በሦስተኛው ራሱ ዘዴ ፈጠረ፤ ከኮርቻው ወርዶ ቀኝ እግሩን በአግዳሚው ብረት ሥር አሾልኮ፣ ወገቡን እንደ ማጭድ አጥፎ፣ ግማሽ ግማሽ እየረገጠ አጥሩን ዞረ። የሰፈር ልጆች አጨበጨቡለት። እኔ ግን ነውር መሰለኝ። ይህን የሚያህል ገንዘብ አውጥቼ የገዛሁት ብስክሌት ላይ ልጄ እንደ ዝንጀሮ ሲንጠለጠል ማየት አልፈለግሁም።

«እንደ ሰው ተቀመጥ» አልሁት። «እስክትለምደው ቀስ በል። የትም ደግሞ ጥለኸው እንዳትሄድ።»

«እሺ አባባ» አለ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ብስክሌቱን ይዞ ይወጣል፤ እኔም ነገሩ ተፈጸመ ብዬ ሱቄን እከፍታለሁ። ኅዳር በገባ በሦስተኛው ሳምንት የኔታ በአንድ ምእመን ቃል ላኩብኝ። ልጁ ከበፊቱ ይልቅ አሁን አብዝቶ ያረፍዳል፤ እንዲህ ከሆነ አያድክሙት፣ ቤቱ ይቀመጥ ብለዋል።

ደሜ ፈላ። በመንገድ እየተጫወተ ነው፣ በብስክሌቱ ጎበዝ ነኝ እያለ ለልጆች እያሳየ ነው አልሁ። በማግሥቱ ከወጣ በኋላ አርጩሜ ይዤ ተከተልሁት።

ከከተማው ወጥቶ ከባሕር ዛፎቹ ሲያልፍ ደረስሁበት። አይጫወትም። ብስክሌቱን በሁለት እጁ መሪውን ይዞ፣ ደረቱን አስደግፎ፣ አቀበቱን እየገፋው ነበር። ብረቱ ከእሱ ይከብዳል። አሥር እርምጃ ሄዶ ይቆማል፤ ላቡን ይጠርጋል፤ ደግሞ ይገፋል። አንድ የጣሊያን ካሚዮን ሲመጣ ብስክሌቱን ወደ ቦዩ አወረደው፤ ካሚዮኑ አቧራውን አልብሶት ሲያልፍ መልሶ ለማውጣት ብዙ ታገለ። በእግሬ እሱን ለመከተል እንኳ ፍጥነት አላስፈለገኝም።

ስጠራው ደነገጠ። ለምን አትነዳም አልሁት።

«እግሬ አይደርስም አባባ።»

«በሥሩ አሾልከህ ትነዳ አልነበረም?»

«እንደ ሰው ተቀመጥ ብለዋል።» ቀጥሎ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ አንድ ቀን ተደብቆ ሞክሮት እንደ ነበር ነገረኝ። ሱሪውን ሲሰበስብ የቀኝ ቅልጥሙን ሰንሰለቱ ከላይ እስከ ታች ልጦት፣ ቁስሉ ላይ ቅጠል አስሮበት አየሁ።

«ታዲያ ብስክሌቱን ቤት ትተህ በእግርህ አትሄድም?»

«ጥለኸው እንዳትሄድ ብለዋል።»

አርጩሜው በእጄ ነበር። ማንን ልምታበት? ለምን አልነገርኸኝም አልሁት፤ በዚህ ጊዜም ቢሆን ድምፄ የቁጣ ነበር።

«ልጅ ያድጋል ብለዋል» አለኝ። «እስካድግ እየገፋሁት ነው።»

ሰዎች ታዛዥ ልጅ ስጠን እያሉ ይጸልያሉ። እኔ ታዛዥ ልጅ ነበረኝ፤ መታዘዙ ትምህርቱን ሊያሳጣው አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። አባት የሚናገረውን ሳይመዝን ታዘዙኝ ቢል ጥፋቱ የማን ነው? ይህን ያኔ ብጠየቅ የልጁ ነው እል ነበር። ልጁን በእግሩ ሰድጄ ብስክሌቱን እየገፋሁ ስመለስ፣ ሚስቴ ሁሉን ሰምታ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።

«አንተ» አለችኝ፤ ከተጋባን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፤ «ይህን ብረት ከደጄ አውጣልኝ።»

ወደ ሻጩ ሄድሁ። ሰማያዊዋን አንድ የቡታጅራ ነጋዴ ለልጁ ገዝቷታል። እኔ ዞሬ ያላየኋት ኮርቻዋ ዝቅ የሚለው ደግሞ ተበታትና ሰንሰለቷ በአንዱ፣ ጎማዋ በሌላው ብስክሌት ላይ ገብቷል። የእኔን መልሶ አይወስድም። በቅሎ ክፉ ጠባይ ካላት በሳምንት ትመለሳለች ብዬ ተከራከርሁት።

«ጠባይዋ ምን ሆነ ጋሼ?» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «እርስዎ ዕለቱን በራስዎ ክንድ ለክተው፣ በራስዎ ቁመት መርጠው ወሰዷት። ባለልኳ እርስዎ ነዎት። ልጁን ከፊት ያስቀምጡና ይንዷታ።»

ቀልዱን ነበር። ተሳድቤ ወጣሁ። እስከ ቤቴ ድረስ ግን ሌላ መንገድ ብፈልግ አጣሁ፤ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሱቄን ዘግቼ፣ መንዳት እንዲያስተምረኝ ወደ ሻጩ ተመለስሁ።

ሦስት ቀን ሙሉ፣ ገበያ በማይቆምበት ቀን ባዶ በሚሆነው ሜዳ ላይ፣ ሻጩ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እያሮጠኝ ተማርሁ። የአርባ አምስት ዓመት ሰው፣ ባለ ሱቅ፣ ዳዊት የሚደግም። ቆጮ ተሸክመው የሚያልፉ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። አንዷ «አባ፣ ልጓሙን አያጥብቁት፣ በቅሎ አይደለም» ስትል ሌሎቹ ሳቁ። ሻጩም መንኮራኩሩን አይዩ፣ መንገዱን ይዩ እያለ ይጮኽብኛል። መንኮራኩሩን ካላየሁ መሄዱን በምን አውቃለሁ? ወደቅሁ፤ ክርኔ ተላጠ፤ ተነሣሁ። በሦስተኛው ቀን ሻጩ ሳይነግረኝ ለቅቆኝ ኖሮ፣ ብቻዬን መሆኔን ያወቅሁት ከሜዳው ማዶ ካለ አጥር ጋር ስጋጭ ነው።

የመለያው ቀን ማለዳ፣ ልክ ዓይን መንገዱን መለየት ሲጀምር ልጄን በአግዳሚው ብረት ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ሚስቴ አማተበች፤ የልጁን ጋቢ ጎማው እንዳይበላው በወገቡ ላይ ጠቅልላ አሰረችለት። ሜዳማውን መንገድ በደኅና ሄድን። ቁልቁለቱ ሲመጣ ግን እጄ መሪው ላይ ደረቀ።

«ፍሬን አባባ» አለ ልጁ። ቀጥሎ ጠጠሩን ይሽሹ፣ አሁን ይልቀቁት፣ አሁን ይያዙት እያለ አወረደኝ። ብስክሌቱን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲገፋው ስለ ኖረ እያንዳንዱን ጉድጓድ ያውቅ ነበር። በሕይወቴ ልጄ አዝዞኝ የታዘዝሁት ያን ቀን ነው። ሁለት ጊዜ ወደቅን፤ ሁለቱንም ጊዜ በእኔ ጥፋት ነው።

ስንደርስ ልጆቹ ገና እየተሰበሰቡ ነበር። የኔታ በአቧራ የተለወሰ ልብሴንና የተላጠ ክርኔን አይተው ወደ ልጆቹ ዞሩ። የልጄ ተራ ሲጠራ «አቤት» አለ። በደጃፉ ካለ ዛፍ ሥር ቆሜ ሰማሁት። በእኔ አነባበብ ቢሆን ሦስት ጊዜ በምቆምበት ቦታ እሱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም ተሻገረ። የኔታ የዝንብ ጭራቸውን ወደ ቀኝ ጠቆም አደረጉ፤ ዳዊት ከሚገቡት ጋር ሂድና ተቀመጥ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዛሬ በሰዓቱ መጥቷል። ነገም በዚሁ ሰዓት። ከነገ ወዲያም።»

ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ የዚህ ልጅ እግር እስኪረዝም ድረስ በየማለዳው እኔ ላደርሰው ነው። ሱቄን ማን ይከፍትልኛል ብዬ ላማርር ነበር። ልጄ ግን አስቀድሞ መጽሐፉን ገልጦ አንገቱን ደፍቶ ስለነበር፣ እሱን ላለመረበሽ ብስክሌቱን ቀስ ብዬ እየገፋሁ ወደ መንገዱ ወጣሁ።