የልብስ ማስጫው ሽቦ ምስክርነት

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ላፕቶፔ ላይ ፍላሽ የምታክል፣ የሬዲዮ ሞገድም የምትይዝ የቴሌቪዥን መቀበያ ሰክቼ ሬዲዮ አዳምጣለሁ። ዘፈንና ዜና አይደለም። አምቡላንሱ፣ እሳት አደጋው፣ የውሃ ሠራተኞቹ በእጅ ሬዲዮ ሲነጋገሩ ነው የምሰማው። አንቴናዬ የአከራዬ የልብስ ማስጫ ሽቦ ነው። ለቤተሰቦቼ፣ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ የሚሠራው ልጃቸው መጨረሻው ልብስ ማስጫ ሥር መሆኑን አልነገርኳቸውም።

አከራዬ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ ጸሎታቸውን የማያስታጉሉ ሴት ናቸው። መጀመሪያ "ሽቦዬን ፍታልኝ" ብለውኝ ነበር። ሰፈራችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ግን ደስ ባለው ቀን ነው የሚመጣው። አንድ ማታ የውሃ ሠራተኛው ሰፈራችንን ጠቅሶ "ለእነዚያ ጠዋት እለቅላቸዋለሁ" ሲል ሰምቼ ነገርኳቸው። ጠዋት ውሃው መጣ። ስለ ሽቦው ድጋሚ አላነሡም።

ከዚያ ወዲህ ለጎረቤቱ "በርሜላችሁን አጥባችሁ ጠብቁ" ይሉ ጀመር። ማን ነገረዎት ሲባሉ፣ እኔን ችግር ላይ ላለመጣል ዝም ይላሉ። አብረዋቸው የሚጸልዩት ሴቶች ዝምታውን በራሳቸው መንገድ ተረጎሙት። እሑድ ቸርች ተነሥተው ስለ ትንቢት ጸጋቸው እንዲመሰክሩ ለመኗቸው።

አከራዬ እህል አልበላ አላቸው። "ልጄ፣ በጌታ ፊት ቆሜ ልዋሽ ነው?" አሉኝ። አሳዘኑኝ፤ ሳቄም አልቀረም። ቅዳሜ ከሰዓት ሴቶቹን ጠርተን እውነቱን በጆሯቸው እንዲሰሙ ተስማማን።

ሴቶቹ መጥተው አልጋዬ ላይ ተደረደሩ። አከራዬ ፈርጠም ብለው "ጸጋ የምትሉት ይኸው፣ ይኼ ኮምፒውተር ነው። ዕቃ አይዋሽም፣ እሱ ይመስክር" አሉ። ከፈትኩት። ሽሽሽ ከማለት በቀር ምንም የለም። አንዷ በሲዳምኛ ለጎረቤቷ ሹክ አለቻት። ጎረቤቷን ምን አለች ብዬ ብጠይቃት "የአከራይህ ትሕትና ገርሟት ነው" አለችኝ።

በመስኮት ሳይ፣ ጠዋት በመጣው ውሃ የታጠበ ብርድ ልብስ ሽቦውን አጉብጦ ከቆርቆሮው አጥር ጋር አነካክቶታል። አከራዬ ወጥተው ብርድ ልብሱን ከነውሃው አንሥተው ታቀፉት። ቀሚሳቸው ራሰ። ድምፁም ጠራ።

ያው የውሃ ሠራተኛ ነበር፣ ለባልደረባው የሚያወራው። "ዛሬም ስለቅላቸው በርሜሉን ደርድረው ጠበቁኝ። እዚያ መንደር አንዲት እናት አሉ፤ ጌታ ቀድሞ ይነግራቸዋል።"

"እስቲ ስለ ዝውውሬ ይጸልዩልኝ በልልኝ" አለ ባልደረባው።

ሴቶቹ ባንድ ድምፅ አሜን አሉ። አከራዬ ብርድ ልብሱን እንደታቀፉ በመስኮቱ ወደ እኔ አዩ።

"አጥፋው፣ ልጄ" አሉኝ፤ "ውሸታም ነው።"