ለኩሬው መውጫ ያበጀሁበት ክረምት

በጓሯችን የነበረው ኩሬ፣ ኩሬ ይሁን ተብሎ የተቆፈረ አይደለም። ለቤታችን ምርጊት የሚሆነው ጭቃ የወጣበት ጉድጓድ ነው። አምቦ ላይ የጭቃ ቤት ሲሠራ አፈሩ ከሩቅ አይመጣም፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ይቆፈርና ውሃ ይፈስበታል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ለደቦ የመጣው ሰው ገብቶ ይረግጠዋል። ሰፈሩ ሁሉ እየዘፈነ ሲያቦካ እኔ አልገባሁም። የመጨረሻዋን ልጄን ነፍሰ ጡር ነበርኩና ያንሸራትታታል ብለው ከለከሉኝ፤ ዳር ቆሜ ንፍሮ እያቀረብኩ ነው ያየሁት። ከዚያም በኋላ እግሬን አስገብቼበት አላውቅም ነበር።

ቤቱ ሲያልቅ ጉድጓዱ ይደፈናል ብዬ ጠብቄ ነበር። ክረምቱ ግን ቀደመንና ሞላው። አስተማሪው ባለቤቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዳሩ ላይ ቆሞ ሲያየው ቆየና፣ እንዲህ ያለ ነገር አይደፈንም አለ። እውነቱን ነው። በበጋ ከቦኖ ውሃ ለመቅዳት ባልዲ አሰልፎ ግማሽ ቀን መጠበቅ ነበር። ኩሬው ግን እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ጎመናችንንና ቃሪያችንን ያጠጣልን ነበር። ከአጥሩ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩት አሮጊት ጎረቤታችንም ለጌሿቸውና ለጥጃቸው ውሃ የሚቀዳላቸው ከዚያው ነው። እኚህን ሴት ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ «አዮ» ይላቸዋል፤ እናት እንደ ማለት ነው። እኔንም «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

እኔ ግን ኩሬውን አልወደድኩትም። ሰው ፈሪ ናት ይለኛል፤ ነኝም። ቢላ ከልጅ ቁመት በላይ የምሰቅል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ጥቂት ከዘገየ በር ላይ የምቆም ሴት ነኝ። ትንሿ ልጄ መራመድ ከጀመረች ወዲህ ሐሳቤ ከኩሬው ተነስቶ አያውቅም። ባለቤቴ ዙሪያውን በባሕር ዛፍ እንጨት አጠረልኝ። ሦስት ዓመት ሲሞላት ግን በእንጨቶቹ መሀል በጎኗ ሾልካ መግባት ቻለች። የሚጠራት እንቁራሪቱ ነው። የቲማቲም ድልህ የነበረበት ቆርቆሮ ይዛ፣ ዳሩ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ ጭራ ያላቸውን ጥቃቅኖቹን እየጨለፈች «ዓሣ» ትላቸዋለች።

በዚያ ክረምት ባለቤቴ ለኮርስ አዲስ አበባ ሄደ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ አስተማሪ ክረምቱን ወይ ለኮርስ ወይ ለመሠረተ ትምህርት ይፈለግ ነበር። ከመሄዱ በፊት የጓሮውን ሥራ በደብተር ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈልኝ። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ስለዚህ በትልልቁ ነው የጻፈው። ድንቹ አፈር ይልበስ። በመደቦቹ መሀል ያለው ቦይ በየሳምንቱ ይጠረግ፤ ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። የጎመኑ የታችኛው ቅጠል ይሸምጠጥ። መጨረሻ ላይ፣ ሁለት ጊዜ አስምሮበት፦ ኩሬው እስክመጣ አይነካ።

ያሰመረበት ስለሚያውቀኝ ነው። በሄደ በሳምንቱ ከጊንጪ ሊጠይቀን የመጣውን ወንድሜን፣ ዶማና አካፋ አንሳና ይህን ጉድጓድ እንድፈነው አልኩት። በቀበሌ ስብሰባ ላይ የጤና ሠራተኛው የተኛ ውሃ ትንኝ ያራባል ብሎ ነበርና እሱን ምክንያት አደረግኩ። አዮ ሰምተው ኖሮ አጥሩ ላይ ተደገፉና፣ በበጋ ከሁሉቃ ወንዝ ውሃ ተሸክማ የምታመጣልኝ እህትህ ናት ወይስ አንተ ብለው ጠየቁት። ወንድሜ አካፋውን መልሶ አስቀመጠ። እኔም አፈርኩ። የእሳቸው ጉልበት ወንዝ ወርዶ የሚመለስ አልነበረም።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈለግኩ። ቅዳሜ ከገበያ የበግ ቃጭል ገዝቼ መጣሁና በጨርቅ ቁራጭ ከልጄ ወገብ ላይ አሰርኩት። እሷ ወደደችው፤ ሆን ብላ እየዘለለች ታጮኸው ነበር። ጎረቤት ግን አልማረኝም። ቦኖ ስሄድ አንዷ ለፋሲካ ነው የምታደልቢያት ትለኛለች፤ ሌላዋ የጌዶ በግ ነጋዴ ሳያያት አስገቢያት ትላለች። ታላላቅ ልጆቼም ድብብቆሽ ሲጫወቱ ታስይዘናለች ብለው ያባርሯት ጀመር። ይሳቁ እንጂ እኔ ሥራዬን በሰላም ሠራሁ። ዓይኔ አፈሩ ላይ፣ ጆሮዬ ቃጭሉ ላይ ነው። ድንቹን አፈር አለበስኩ። ቦዩን ጠረግኩ። የዱባውን ሐረግ ከጎመኑ ላይ አንስቼ ወደ አጥሩ መራሁት። የሐምሌ ጓሮ ለሠራለት ሰው ፊት አይነሳም፤ ማታ የነቀልከው አረም ቦታ ጠዋት ሌላ ብቅ ቢልም፣ የተከልከውም አብሮ ያድጋል። ሐምሌ እንዲህ አለቀ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ፍልሰታ በገባ በጥቂት ቀን ነው። ጠዋት ዘንቦ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ብላለች። ድንቹ አበባ ይዟል። ታላላቆቹ ልጆች ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ እኔ መደቡ ዳር ቁጢጥ ብዬ አረም እነቅላለሁ። ቃጭሉ አንዴ ከኩሬው በኩል፣ አንዴ ከአዮ ግቢ በኩል ይሰማኛል። አንዱን መደብ ጨርሼ ወደ ሁለተኛው ስዞር ግን ዝም ብሏል። ቁጭ ብላ ይሆናል አልኩ። አረሙን በእጄ እንደያዝኩ ጠበቅኩ። ጠራኋት። ደግሜ ጠራኋት። ተነስቼ ስሮጥ መጀመሪያ ያየሁት ቆርቆሮዋን ነው፤ ኩሬው ላይ ተንሳፍፎ ቀስ እያለ ይዞራል።

አጥሩን እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም። ዘልዬ ገባሁ። ውሃው እስከ ጡቴ ደረሰ፤ ከሥር ያለው ጭቃ እግሬን ያዘኝ። ጎንበስ እያልኩ በእጄም በእግሬም ዳሰስኩ። ጨርቅ የመሰለኝን ይዤ ሳወጣው የበሰበሰ የእንሰት ቅጠል ሆነ። ደግሜ ጎነበስኩ። ለምን ያህል ጊዜ እንደ ቆየሁ አላውቅም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስሟን እጠራ እንደነበር የነገሩኝ ኋላ ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ማል ጎታ? እዚያ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

አዮ የኩሬው አጥር ጋ ቆመዋል። ቃጭሉን ከነጨርቁ በእጃቸው ይዘውታል።

«ልጄ» አልኩ።

«ልጅሽማ እኔ አልጋ ላይ ናት። ንፍሮ በልታ እንቅልፍ ጣላት። በተገላበጠች ቁጥር ይህ ነገር እየጮኸ ቢቀሰቅሳት ፈታሁላት።»

ውሃው ውስጥ እንደቆምኩ፣ ተኝታለች ወይ አልኳቸው። ተኝታለች አሉኝ። ተሸፍናለች ወይ አልኩ። ተሸፍናለች አሉኝ።

ከዚያ ልወጣ ወደ ዳር ሄድኩ፤ አልቻልኩም። የጉድጓዱ ግድግዳ በዶማ ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ ነው፤ እርጥብ ሸክላ አፈር፣ ሳሙና የተቀባ ይመስል። እጄን ስሰድ ያዳልጣል፤ እግሬን ስሰቅል ተንዶ ይመልሰኛል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። አዮ ከአጥሩ አንድ እንጨት ነቅለው ሰጡኝ፤ ጉልበታቸው ስላልበቃ ከመንገድ ሁለት ሴቶች ጠርተው በሦስት ሆነው ጎተቱኝ። አዮ እየጎተቱኝ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ እንዲህ አሉ፦

«ቃጭል የሚታሰረው ለላሚቱ ነው፤ አንቺ ለጥጃዋ አሰርሽው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ይህ ንግግር እስከ መስቀል ድረስ ሰፈሩን ሲዞር ነበር።

ልብሴን ቀይሬ፣ ልጄን ከነእንቅልፏ አምጥቼ አጠገቤ ካስተኛሁ በኋላ ያሰብኩት ስለ ሳቁ አልነበረም። ሦስት ክረምት ሙሉ የፈራሁት ጥልቀቱን ነው። ለካ የባሰው ግድግዳው ኖሯል። እኔ ትልቋ ሴት በሦስት ሰው ተጎትቼ የወጣሁበትን፣ የሦስት ዓመት ልጅ በምኗ ትወጣዋለች? አጥር የሚያገለግለው እስኪሾልኩበት ድረስ ነው። ቃጭልም እስኪፈታ ድረስ ነው። ከገባች በኋላ ግን የምትወጣበት ነገር አላበጀሁላትም።

በማግሥቱ አካፋ አነሳሁ። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ነው፤ አይነካ ይላል፣ ከነሁለት መስመሩ። ገልብጬ ለጠፍኩት።

መጀመሪያ ተሳስቼ ጀመርኩ። ለቤቱ የሚቀርበውን በኩል መረጥኩ፤ ያ ደግሞ ዝቅ ያለው ዳር ነው። ክንድ ያህል እንደናድኩ ውሃው መንገድ አገኘና ወደ ድንቹ ወረደ። የእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ወተፍኩት፤ ታላላቆቹ ልጆች በባልዲ ሸክላ አፈር እያመጡልኝ በላዩ ረገጥኩበት። ውሃው ቆመ፤ ሁለት መደብ ድንች ግን ተጥለቀለቀ። ይህን ለባለቤቴ ምን ብዬ እንደምነግረው እያሰብኩ ያን ቀን ምሳም አልቀመስኩ።

ቀጥሎ በላይኛው በኩል ጀመርኩ። በየቀኑ ዝናቡ ባባራ ሰዓት ጥቂት ጥቂት እየናድኩ ያን ቀጥ ያለ ግድግዳ አጋደምኩት፤ ሕፃን በዳዴ የምትወጣው ተዳፋት እስኪሆን ድረስ። ሸክላው እንዳያዳልጥ ልጆቹ ከሁሉቃ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ እየለቀሙ በዘንቢል አመጡ። አዮ ዳር ተቀምጠው ይህ ይወዛወዛል፣ ያንን አንሺ እያሉ ነው የደረደርነው። በድንጋዮቹ መሀል ሰርዶ ተከልን። በክረምት ሰርዶ ለመያዝ ልመና አይፈልግም።

ሲያልቅ ልጄን ወገቧን በገመድ አስሬ አስገባኋት። ውሃው ጉልበቷ ላይ ሲደርስ፣ በይ ዞረሽ ውጪ አልኳት። ወጣች። ደግሜ አስገባኋት። ጨዋታ መስሏት በእጇም በእግሯም ድንጋዩን እየያዘች ደጋግማ ወጣች። በኋላ ዓይኗን ጨፍና ሁሉ እንድትወጣ አለማመድኳት። አዮ፣ ጥጃ እንኳ እንዲህ አይለመድም አሉኝ።

ለባለቤቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንዲት ገጽ ሁለት ቀን ፈጀችብኝ። ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አስተማሪ እጅ ላክሁለት። እንዲህ ይላል፦ «ልጆች ደህና ናቸው። ጎመኑ ደህና ነው። ኩሬውን ነክቼዋለሁ። አልደፈንኩትም። ሁለት መደብ ድንች በእኔ ጥፋት ውሃ ተኝቶበታል።» ስለ ቃጭሉ አልጻፍኩም። መልስ አልመጣም። ተቆጥቶ ነው እያልኩ የቀረውን የነሐሴ ቀን ቆጠርኩ።

ጳጉሜ ላይ መጣ። ልጆቹን ስሞ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ወደ ጓሮ ዞረ። ከኋላው ተከተልኩት። ሰርዶው ድንጋዮቹን እቅፍ አድርጎ ይዟቸዋል። ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ሻንጣውን ለእኔ ሰጠኝ፤ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ ባልዲ አንስቶ በተዳፋቱ ወረደ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከዚያ ኩሬ የምንቀዳው በሆዳችን ተኝተን ባልዲ በገመድ እየጣልን ነበር። እሱ ጎንበስ ብሎ ሞላና ቀስ ብሎ ተራምዶ ወጣ።

«ይህን ማን አሰበው?» አለኝ።

«ገብቼ መውጣት ቢያቅተኝ ነው» አልኩት።

አየኝ። እንደማልገባበት ያውቃል። አዮ ከአጥሩ ማዶ «ኦቦ፣ እኔ ልንገርህ» አሉና ከንፍሮው ጀምረው፣ ስለ ላሚቱና ስለ ጥጃዋም ሳይቀር ሁሉን ነገሩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቆርቆሮው ጋ ሲደርሱ ሳቁን ተወ። ማታ ያን የተገለበጠ ወረቀት ከግድግዳው አንስቶ አቃናውና የመጨረሻዋን መስመር ሰርዞ፣ ከሥሯ የመውጫው ድንጋይ በየክረምቱ ይታይ ብሎ ጻፈ።

ድንቹ መስከረም ላይ ተነቀለ። ከሁለቱ መደቦች ጥቂት በስብሷል፤ የቀረው ግን ጥሩ ነበር። በዚያ በጋ አዮ ምርኩዛቸውን ይዘው በተዳፋቱ እየወረዱ ራሳቸው ይቀዱ ነበር፤ ቃጭሉንም ለጥጃቸው ወሰዱት።

በሚቀጥለው ሐምሌ ወጥ ቤት ሆኜ ጎመን እየከተፍኩ ሳለ ትንሿ ልጄ ገባች። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ ርሳለች፤ ጆሮዋ ላይ ሰርዶ ተጣብቋል። ምን ሆንሽ አልኳት።

«ወደቅኩ።»

«ከዚያስ?»

«ወጣሁ» አለችኝ፤ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ፊት።

ቢላውን ከፍ አድርጌ ሰቀልኩ። ገላዋን አደረቅሁ፣ ደረቅ ልብስ አለበስኳት። ከዚያ ወጥቼ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በእግሬ ረገጥኳቸው። አንዱ ይወዛወዝ ነበር፤ ከሥሩ አፈር ጠቅጥቄ መለስኩት።