የኮሳኩ ልጅና የሣህሊቱ ተራ

በለጡን ያወቅኋት ገዳሪፍ ከተማ፣ በአንድ ግቢ ጎረቤት ሆነን ነው። ሆስፒታል አንሶላ ታጥብ ነበር። ዐይኗ ግራጫ፣ ፊቷ ፀሐይ ያቀላው ስለሆነ የሰፈሩ ሱዳኖች «ኸዋጃ» ይሏታል፤ ፈረንጅ ማለታቸው ነው። በዚህ ስም ሲጠሯት ዞር ብላ አታይም። ምክንያቱን የነገረችኝ በተዋወቅን በአራተኛው ዓመት ነው።

አባቷ ኮሳክ የሚባል የሩሲያ ፈረሰኛ ወገን ነበር። በወጣትነቱ የሩሲያን ንጉሥ በፈረስ ያጀበ ዘበኛ ነው። ንጉሡ ሲወድቅ ካገር አገር ተንከራቶ አዲስ አበባ ገባና የባላባቶች ፈረስ ሲገራ ኖረ። ከሸመገለ በኋላ የበለሳዋን ያለምወርቅን አግብቶ በለጡን ወለደ። አንድ ያገሩ ልጅ ሠዓሊ በድሮው የዘበኛ ልብሱ ሥሎት ስለነበር፣ ሲሞት ሥዕሉን ሙዚየም ወሰደው።

ያለምወርቅ ባሏን ቀብራ ወደ በለሳ ከመመለሷ በፊት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ይዛ ሙዚየም ሄደች። ሥዕሉ ከበሩ ትይዩ ተሰቅሏል። ጠጉራም ቆብ የደፋ፣ ደረቱ ላይ የብር ቀለህ የደረደረ፣ በወገቡ ጩቤ የታጠቀ ወጣት ነው። በለጡ የምታውቀው አባቷ ሳል የማይለየው ሽማግሌ ነበርና ሰውየው እንግዳ ሆነባት።

«ከሥሩ ምን ይላል?» አለች እናቷ። ፊደል አልቆጠረችም።

በለጡ አነበበችላት። «የንጉሥ ዘበኛ፣ ኮሳክ፣ ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«እኛንማ ማን ይጽፈናል» አለች ያለምወርቅ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

በለጡ በለሳ አደገች፣ አስናቀው የሚባል ገበሬ አገባች። ሦስት ልጅ ቀብራ በመጨረሻ ኮከብን አገኘች። ከዚያ ሰባ ሰባት መጣ። ሰማዩ ሁለት ክረምት ሙሉ ነጥፎ፣ በሬዎቹ አንድ ባንድ ወድቀው፣ የዘር እህሉም ተበልቶ አለቀ። ባልና ሚስት የሦስት ዓመቷን ኮከብን አዝለው በአርማጭሆ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደዱ። አስናቀው በወባ ተይዞ የጓንግን ወንዝ ሳይሻገር ሞተ። መሬቱ ደረቅ ስለነበር ጉድጓዱን ጉልበት እስኪደርስ ብቻ ቆፍረው ድንጋይ ከመሩበት።

ድንጋዩን አብራት የተሸከመች ሴት ሣህሊቱ ትባላለች። ባሏ ዘመቻ ሄዶ ያልተመለሰላት፣ ረዳ የሚባል የሁለት ዓመት ልጅ ያዘለች የደንቢያ ሴት ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በአንድ ድስት በሉ፤ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ሁለቱንም ልጆች ትሸከማለች።

የደረሱበት መጠለያ ከገዳሪፍ በስተምሥራቅ፣ ዛፍ የሌለበት ጥቁር መሬት ላይ ነበር። ውሃ በቦቴ ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አይመጣም። ኩፍኝ ገባና ሕፃናቱን አጨዳቸው። ኮከብም ረዳም ታመሙ። ኩፍኙ ሲለቃቸው ተቅማጥ ተከተለ። ፈረንጅ ሐኪሞች ለጠናባቸው ሕፃናት የተከሉት ድንኳን ነበር፤ ቦታ ስለሌለ በቀን ከአሥር ልጅ በላይ አይቀበልም። ተራውን የሚያስከብረው ሙዘይን የሚባል የመተማ ሰው፣ የሐኪሞቹ አስተርጓሚ ነው።

አንድ ጠዋት ሣህሊቱ ጎሕ ሳይቀድ ሄዳ ተሰለፈች። በለጡ ውሃ ስትጠብቅ ቆይታ ስትደርስ ከሣህሊቱ ኋላ ሃያ ሴት ነበር። ፀሐይ ሲበረታ ዘጠኝ ልጆች ገብተው አሥረኛው የረዳ ተራ ሆነ። በዚህ መሐል የኮከብ ዐይን ተገለበጠ። በለጡ ጠራቻት፣ አልመለሰችም። ያኔ ከሰልፉ ወጥታ ሐኪሞቹ ወደሚገቡበት ወደ ጎን በር ሮጠች።

«ወዴት ነው?» አላት ሙዘይን።

«አባቴ የነሱ ወገን ነው።»

«አማርኛሽ የበለሳ ነው፣ እቴ።»

«እናቴ የበለሳ ናት። አባቴ ፈረንጅ ነው፣ የንጉሥ ዘበኛ። ሥዕሉ አዲስ አበባ ሙዚየም ተሰቅሏል፤ ጠጉራም ቆብ ደፍቶ፣ ጩቤ ታጥቆ። ዐይኔን እየው።»

ሙዘይን ዐይኗን አየ። እሱም ግራ የተጋባ ሰው ነበር፤ ኸዋጃ የመለሰ እንደሆን እንጀራውን ሊያጣ ይችላል። ሸራውን ገለጠላት። እሷ ምንጣፉ ላይ ኮከብን ስታስተኛ ድምፁን ከውጭ ሰማችው።

«ኸላስ፣ ለዛሬ ሞልቷል። ነገ ኑ።»

ነርሷ አባትሽ ማነው ብላ አልጠየቀቻትም። ልጅቷን ብቻ አይታ በማንኪያ ወተት ማጠጣት ጀመረች።

ረዳ በማግስቱ ማለዳ፣ ድንኳኑ ተራ መቀበል ሳይጀምር ሞተ። በለጡ ወሬውን ከአንዲት ውሃ ቀጂ ሰምታ ወጣች። ሣህሊቱ መጠለያቸው ጥላ ሥር ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ያንቺ ተራ ነበር» አለቻት በለጡ።

«አውቃለሁ። ስትገቢ አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጮኽሽም?»

ሣህሊቱ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። «ብጮኽ ያስወጧታል ብዬ ፈራሁ። ማታውን ደግሞ ምነው በጮኽሁ አልኩ። ያንቺ ዓይነት ፊት ቢሰጠኝ እኔም እገባበት ነበር። አሁን ግን አጠገቤ አትቀመጪ።»

በለጡ ራቅ ብላ ቆመች። ቀብሩ ላይም ራቅ ብላ ቆመች።

ኮከብ ድንኳኑ በገባች በአሥራ አንደኛው ቀን ድና ወጣች። ሁለቱ ሴቶች ግን ዳግመኛ በአንድ ድስት አልበሉም። ግንቦት ሲገባ ዝናብ ዘንቧል የሚል ወሬ መጣና ብዙ ሰው ሊዘራ ወደ አገሩ ተነሣ። ሣህሊቱም አብራ ወጣች። በለጡ ከቀለቧ የቆጠበችውን ማሽላ በጨርቅ ቋጥራ መንገድ ላይ ደረሰችባት።

«ለዘር ይሁንሽ።»

ሣህሊቱ ቋጠሮውን ተቀበለች፤ አንገቷን አጎንብሳ መንገዷን ቀጠለች።

በለጡ ገዳሪፍ ቀረች። በየዓመቱ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ቁረይሻ እስከሚባለው የእርሻ አገር ድረስ እየሄደች፣ ከጎንደር የመጡትን የቀን ሠራተኞች ስለ ሣህሊቱ ትጠይቃለች። አንድ ዓመት አንዱ፣ ደንቢያ ውስጥ ባል አግብታ ትኖራለች አላት። በሌላ ዓመት አንዲት ሴት፣ ሲመለሱ ጓንግ ሞልቶ ከወሰዳቸው ጋር ነበረች አለቻት። የቱን እንደምታምን አታውቅም ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሄደች።

ኮከብ ዛሬ እዚያው ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ ባል አግብታ ሁለት ልጅ ወልዳለች። የሣህሊቱን ስም ሰምታ አታውቅም። «ልንገራት?» ብዬ እናቷን ብጠይቃት፣ «እኔ ስሞት» ነበር መልሷ። በለጡን የቀበርናት የዛሬ ሁለት ዓመት በየካቲት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ከሰላ ሄጄ ኮከብ ቤት አድሬያለሁ። ልጆቿን አቅፌ አጫውቼ፣ ሳልነግራት ተመለስኩ።