ያንተስ ልጅ የት ዘመተ?

ወይዘሮ የብርጓል የቁንዝላ ሰው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ባሕር ዳር ጀልባ መቆሚያው አጠገብ ዓሣ እየጠበሱ አንድ ልጃቸውን ቢያዝንን አሳደጉ። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታቸው ስለነበርሁ የደረሰባቸውን አይቻለሁ።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ቢያዝን ኳስ ሲጫወት ከሜዳው በአፈሳ ተወሰደ። ገና ተማሪ ነበር። እናቱ የሰሙት ጓደኞቹ ደብተሩን ይዘው ሲመጡ ነው። ቀበሌ ሮጠው ቢሄዱ መኪናው ወደ ማሠልጠኛ ተነሥቷል ተባሉ። ስመው እንኳ አልሸኙትም።

ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። የቀረ ስኳር አይሰጠውምና ሰው ሁሉ ወጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር አምባቸው፣ አብዮታዊት እናት ልጇን ለአገር ስትሰጥ እንደምትኮራ እንጂ እንደማታለቅስ ሲያስረዳን ዋለ። በመጨረሻ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ አለ፤ እንደማንጠይቅ ያውቃል። ወይዘሮ የብርጓል ተነሡ።

«ያንተስ ልጅ የት ዘመተ?»

የአምባቸው ልጅ የቢያዝን እኩያ ነው። አፈሳው ሊጀመር ሲል አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ እንደተላከ ያላወቀ ሰው በአዳራሹ አልነበረም። አምባቸው ስብሰባውን በተነ።

ማታውኑ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወሰዷቸው። ጥያቄውን ማን አስጠናሽ እያሉ ቢያፋጥጧቸው፣ ልጅ የወለደ ሰው ለዚህ አስጠኚ ይፈልጋል ወይ አሏቸው። ታስረው ሰንብተው ፊታቸው ገርጥቶ፣ እያነከሱ ሲወጡ ጥያቄያቸው ከተማውን አዳርሶት ጠበቃቸው። ስኳር ወረፋ ላይ የተጋፋ ይባልበታል። ጠጅ ቤት ሰካራም ያንጎራጉረዋል። ዱርቤቴ ገበያ በግ ሻጭና ገዢ ሲከራከሩ ይወራወሩታል።

ይህ ሳቅ ከእስሩ ይልቅ አንገበገባቸው። አንድ ቀን ደንበኛቸው ዓሣ ሲቀበል ያንኑ ብሎ ሳቀ። ዓሣውን ከእጁ መልሰው ወሰዱት።

«እኔ መልስ ፈልጌ ነው የጠየቅሁት። መልስ ካለህ ንገረኝ፤ ከሌለህ በልጄ አትሣቅ።»

ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በእግሩ እየለመነ መጣ። ወይዘሮ የብርጓል መንገድ ዳር ወጥተው የመጣውን ሁሉ ሲያበሉና ሲጠይቁ ሰነበቱ። በመጨረሻ አንድ ቁስለኛ፣ ቢያዝንን በገዛ እጁ እንደቀበረው ነገራቸው።

ልቅሶ ተቀመጡ። የአምባቸው ሚስት ፀሐይወርቅም ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። እኛ ተያየን። እሳቸው ግን ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት። እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ የሰጠ እሱ ነው የወሰደም እሱ ነው ስትላቸው እጇን ያዙና ቀስ ብለው ተናገሩ፤

«እግዚአብሔር አልወሰደውም፣ ልጄ። የወሰደው ሰው ነው፤ ስሙንም ታውቂዋለሽ።»

ፀሐይወርቅ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ማንም አልሸኛት።